ትኋኑ ከማን ቤት ነበር

ሰው ሁሉ «የትኋን ልጅ» ሲለኝ ነው ያደግኩት። ስሙን ያመጣብኝ ጠላት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያመጣብኝ የገዛ እናቴ ናት። የሦስተኛው ፎቅ ሴቶች ማድቤት ውስጥ ተሰብስበው «ትኋኑ ከማን ቤት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «ከእኛ ነው» አለች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከእኛ አልነበረም። ከእኛ እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተውኩት፤ ዛሬም ጋዜጣ ስይዝ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እልኸኛ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ። ይህን ቂም ከልጅነት እስከ ሽበት ተሸክሜዋለሁ። እናቴ ታማ በማንኪያ ሳጎርሳት እንኳ ከልቤ አልወጣም ነበር።

የምንኖረው ሻም ሹይ ፖ በሚባል የድሃ ሰፈር ውስጥ፣ ከጦርነቱ በፊት በተሠራ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስተኛውን ፎቅ እማማ ሎክ በሙሉ ተከራይተው፣ በሳንቃ ከፋፍለው መልሰው ለእኛ ያከራዩናል። ሳንቃው ጣራ አይደርስም፤ ከላይ የሽቦ ወንፊት ነው። አንዱ ሲያስል ሁሉም ይሰማል፤ ማን ደረቅ ዓሣ፣ ማን ባዶ ሩዝ እንደበላ ሁሉም ያውቃል። የእኛ ክፍል ማለት አንድ ተደራራቢ አልጋ ነው፤ ሌላ ዕቃ የሚቆምበት ቦታ የለም። ከታች እናቴና ትንሹ ወንድሜ ሺንግ፣ ከላይ እኔ። አባቴ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ካለ ነው። ሺንግ ያኔ ጥርስ እያወጣ ነበር። ያገኘውን ያኝካል፤ የአልጋውን ጠርዝ፣ የሳንቃውን ጠርዝ፣ የእኔን ጣት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔና እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብለን የፕላስቲክ አበባ እንገጣጥማለን። ፋብሪካው ቅጠሉንና ግንዱን በከረጢት ይሰጠናል፤ እኛ አበባ አድርገን እንመልሳለን። ጣቴ ሁልጊዜ ቀይ ቀለም ነበረው።

ከሳንቃው ማዶ እትዬ ቢክዩ ነበረች። ዊግ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ብቻዋን ትኖራለች፤ ከመጣች ብዙም አልቆየችም፤ ስትመጣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛችውን የቀርከሃ አልጋ በራሷ ተሸክማ ነው ደረጃውን የወጣችው። ልታገባ ነበር። እጮኛዋ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሻይ ቤት ባለቤቶች ልጅ ነው፤ አማቷ ከደጃፋቸው ቆመው ወደ ላይ ቢያዩ የእኛን መስኮት ያያሉ። ክፍሏ ውስጥ ብል የማይደፍረው ትልቅ የካምፎር እንጨት ሣጥን ነበራት፤ ውስጡ ለባሏ ቤት ይዛ የምትሄደው ቀይ የሐር ብርድ ልብስ አለ። የሙሽራ አልጋ ዝም ብሎ አይነጠፍም። ቀን ይቆረጥለታል፤ ባልም ልጅም ያላት፣ ኑሮ የቀናት ሴት ተፈልጋ ነው የምታነጥፈው። እስከዚያ ድረስ ብርድ ልብሱን ባዕድ እጅ አይነካውም፤ አየር ላይ እንኳ አይሰጣም።

ሺንግ በር በተከፈተ ቁጥር እየዳኸ ወደዚያ ሣጥን ይሄዳል። እትዬ ቢክዩ ብድግ ታደርገውና፣

«አንተ ቀበጥ! ገና ሳላገባ ልትሸናብኝ ነው? ትንሽ ታገሥ፤ አልጋው ሲነጠፍ አንተን ነው የማንከባልልበት፣ የመጀመሪያ ልጄ ወንድ እንዲሆን» ትለዋለች።

«ያኔማ ይሸናበታል» ትላለች እናቴ ከሳንቃው ወዲህ።

«ይሽና፣ እህት ታም! ያኔ ሽንቱም ሲሳይ ነው።»

በዝናቡ ወራት ትኋን መጣ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ በሳንቃው ስንጥቅ፣ ከእትዬ ቢክዩ በኩል ወደ እኛ ሲያልፍ፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ጉዳይ እንዳለው ሰው የሚፈጥን። ጎረቤት ሊጠይቅ የሚሄድ መሰለኝ።

በረሮ ሲታይ ሴቶቹ ይጮኻሉ፤ አይጥ ሲታይ ይሳሳቃሉ። ትኋን ሲሆን ግን ሁሉም ዝም አለ። እማማ ሎክ አንገታቸው ላይ በመስመር የቀላ ነገር እያለ «ሙቀቱ ነው» ይላሉ። ሌላዋ በዚያ ሙቀት አንገትጌዋን እስከ ጆሮዋ ቆልፋ ትውላለች። የማያፍረው ጃንጥላ ጠጋኙ ጋሼ ዪፕ ብቻ ነበር። እሱ ክፍል የለውም፤ ኮሪደሩ ላይ አንድ አልጋ ነው የተከራየው።

«ሚስት የለኝ፣ የሚነካካኝ የለኝ፤ አዝነውልኝ ነው የሚመጡት» ይላል እጁን እያከከ።

«ዝም በል አንተ! ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይላሉ እማማ ሎክ።

የለም እየተባለ ግን ሁሉም ይሠራ ነበር። አንዷ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ደብቃ ታስገባለች። አንዷ በላባ ላምባ እየነከረች ስንጥቁን ትቀባለች። ትኋኑ ከዚህ ሲያባርሩት በስንጥቁ ወደዚያ ይሻገራል፤ ከዚያ ሲያባርሩት ይመለሳል። አንድ ላይ ቢሠሩት ኖሮ ያልቅ ነበር። አንድ ላይ ለመሥራት ግን መጀመሪያ «አለብኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ነበር የጠፋው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አበባ ስገጣጥም ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

«እማ፣ እትዬ ቢክዩ ነጭ ሽንኩርት እየጠበሰች ነው።»

«ክፍል ውስጥ ማን እሳት ያነዳል? ሥራሽን ሥሪ።»

በማግስቱም ሸተተኝ። ምራቄ ሞላ። ሙሽራ ናት፣ ወፈር ብላ ለመታየት ዶሮ እየበላች ነው አልኩ በልቤ፤ ብቻዋን፣ ተደብቃ። በስንጥቁ ሳያት ጀርባዋን ሰጥታ አጎንብሳለች። አፏን በጨርቅ አስራለች። ወለሉ ላይ ቡናማ ጠርሙስ አለ፣ እጇ ላይ ብሩሽ፤ ሳንቃውን ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ሣጥኑ የቆመበትን በኩል፣ ትቀባለች። የበላችበትን ሽታ እያጠፋች ነው ብዬ ደመደምኩ። አፏን ያሰረችውም ማኘኳ እንዳይሰማ መሰለኝ። ሺንግን አቅፌ ጆሮው ላይ «ሆዳም ናት» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳንቃውን ማኘኩን ቀጠለ።

ያ ጠርሙስ ምን እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ወንድሟ ዩን ሎንግ በሚባል ገጠር ጎመን የሚያመርት ገበሬ ነበር፤ ጠርሙሱ ከእሱ ነው የመጣው። የጎመን ትል የሚገድሉበት መርዝ ነው። ገበሬዎቹ በባልዲ ውኃ አቅጥነውት እንኳ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ነው የሚረጩት። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። እሷ ሳታቀጥን ቀባችው። አልጋዋን እንደ ሰው መንገድ ላይ አውርዳ እንዳትቀጠቅጥ አማቷ ከሻይ ቤቱ ደጅ ያያሉ፤ ሣጥኑ ላይ የፈላ ውኃ እንዳታፈስ ሐሩ ይበላሻል። ከትኋን ጋር ወደ ባሏ ቤት የገባች ሙሽራ ደግሞ በዚያ ሰፈር እስክትሞት ሙሽራ አትባልም፤ ምን እንደምትባል እኔ ነኝ የማውቀው።

ሺንግ የታመመ ቀን ከባድ ዝናብ ነበር። አልጋው ላይ አጠገቤ ነበር። መጀመሪያ ለሃጩ መጣ፤ እንደ ጥርስ ለሃጭ ሳይሆን እንደ ቧንቧ። ከዚያ ላቡ። ከዚያ የበላው የሩዝ አጥሚት በሙሉ ወጣ። እግሮቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ቀና አድርጌ ሳየው የዓይኑ ጥቁሩ አንሶ አንሶ የሰሊጥ ፍሬ አክሏል።

«እማ! የሺንግ ዓይን ጠፋ!»

እናቴ ከማድቤት መጥታ አየችው። አልጮኸችም። አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች። ጋሼ ዪፕ ከሚጠግናቸው ጃንጥላዎች አንዱን መዞ እኔን በእጄ ይዞ ተከተላት፤ ሆስፒታል እስክንደርስ ጃንጥላውን መክፈት ትዝ አላለውም።

ስንደርስ ሐኪሙ እናቴ ላይ ይጮህ ነበር።

«ምን አጠጣሽው? ቤት ውስጥ ምን መርዝ አለ?»

«ምንም የለም፣ ዶክተር። ምንም።»

«ምንም ከሌለ ልጁ ለምን እንዲህ ሆነ?»

እናቴ የሺንግን መዳፍ ይዛ ወደ ፊቷ አስጠጋች። የሳመችው መሰለኝ። ቀና ስትል ግን ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ነጭ ሽንኩርት ይሸታል» አለች።

እኔ ደስ አለኝ። ወንድሜ እንደዚያ ሆኖ ደስ አለኝ! እናቴ በመጨረሻ እትዬ ቢክዩን ለሐኪሙ ነገረችልኝ፤ ያለ እኛ ስትበላ መክረሟ ታወቀባት አልኩ። ሐኪሙ ግን ነርሷን ጠርቶ መርፌ አዘዘ፤ ወዲያውም ልብሱን አስወለቁት፣ ገላውን በሳሙና አጠቡት።

«የእርሻ መድኃኒት ነው። ማነው ቤት ያስገባው?»

እናቴ «እኔ ነኝ» አለች።

«ደንቆሮ!» አላት፤ ታናሽ ወንድሟ ሊሆን የሚችል ወጣት ሐኪም። «የገዛ ልጅሽን!»

እናቴ አንገቷን ደፋች። መርፌውን ደጋገሙለት። የዓይኑ ጥቁር ተመልሶ ሲሰፋ እኔ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ሺንግ ወደ ቤት ሲመለስ ከስቶ፣ አንገቱን መሸከም አቅቶት ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ቢክዩ መጣች። እኔ ከላይ አልጋ ተኝቼ ነበር፤ ዓይኔን ብጨፍንም ነቅቻለሁ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፤ የሚሰማኝ ቁርጥራጭ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት ስታስነካ በሽፋሽፍቴ ሥር አየኋት።

«...ሁለተኛ አልነካውም፣ እህት ታም። ሁለተኛ...»

«ተነሺ።»

«...የሻይ ቤቶቹ ከሰሙ አለቀልኝ...»

«ተነሺ አልኩሽ። ልጅቷ ታይሻለች። ጠርሙሱን አምጪ።»

ብቻዋን በመብላቷ ይቅርታ እየጠየቀች ነው አልኩ። ለአንድ ዶሮ መሬት መሳም ትንሽ በዛ፤ ቢሆንም ይገባታል ብዬ ረክቼ ተኛሁ። እናቴ ጠርሙሱን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። የት እንዳደረሰችው ዛሬም አላውቅም።

ጠርሙሱ ሄደ፤ ትኋኑ ግን አልሄደም። ሺንግም ሳንቃ ማኘኩን አልተወም። እናቴ በሳንቃ ቀዳዳ ሁሉ አፍንጫዋን እያስጠጋች ስታሸት ትውል ጀመር። እብደት መስሎኝ አፈርኩባት። የትኛዋ ጎረቤት ደግሞ ምን ደብቃ እንደምትቀባ እየፈለገች ነበር።

ቀጥሎ ማድቤት ውስጥ የሆነውን ነው እንግዲህ ስሸከም የኖርኩት። እማማ ሎክ ማንኪያቸውን ድስት ላይ እያንኳኩ ሁሉንም ሰበሰቡ። አሁን አንገታቸውን አልፎ ጉንጫቸው ላይ ደርሶባቸዋል፤ «ሙቀት ነው» የማይሉበት ደረጃ ነው።

«የሕንፃው ባለቤት መድኃኒት ረጪ ይልክልኛል። ግን ከማን ቤት እንደመጣ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? ንጹሕ ቤት አለኝና ረጪ ላክልኝ ልበለው? ንገሩኝ፣ ከማን ነው?»

«እኛ ጋማ የለም! አልጋችንን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ነው የምናጥበው» አለች አንዷ።

«የሌለባችሁን ምን አሳጠባችሁ?» አለ ጋሼ ዪፕ ከበሩ ላይ።

«አንተ ውጣ! ማድቤት የወንድ ቦታ አይደለም።»

«እነሱም የወንድ የሴት አይሉም፣ እመቤቴ።»

«እሺ፣ ከአንተ ነው?»

«እኔ ጋማ በእንግድነት ነው የሚመጡት። ቤታቸው ሌላ ነው።»

ሳቅ ሆነ፤ ሳቁም ሞተ። አንዷ ሌላዋን ታያለች። እትዬ ቢክዩ ቧንቧው ሥር አንድ ሳህን ታጥባለች። የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥባለች።

«ካልነገራችሁኝ ረጪ የለም። እርስ በርስ ስትበላሉ ኑሩ!» አሉ እማማ ሎክ።

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ከእኛ ነው፣ እማማ ሎክ።»

 ከዚያ እማማ ሎክ ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

«እኔኮ ጠርጥሬያለሁ! ባልሽ መርከበኛ ነው አይደል? ከየወደቡ ሰብስቦ ነው ያመጣልሽ!»

«ሐር ይልክልኛል ስትይን ነበር፤ ይኸው የላከልሽ ሐር!» አለች የፈላ ውኃዋ ሴትዮ።

እኔ አልቻልኩም። «እማ! ከእኛ አይደለም! አይቻለሁ፣ ከእትዬ ቢክዩ የቀርከሃ አል—»

የእናቴ እርጥብ እጅ አፌ ላይ አረፈ። እጅ ብቻ ብል ውሸት ነው፤ በጥፊ ነው የመታችኝ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልመታችኝም።

«ሁሉም ክፍል ይረጫል» አለች ዞር ብላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። «የእኛ ብቻ ከተረጨ ወደ እናንተ ነው የሚሸሹት። ሁሉም በር ይከፈት። በየክፍሉ የምትቀቡት ነገር ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይጣል፤ ረጪው ሌላ ነገር ካለ አልሠራም ይላል።»

ረጪው እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ያኔ ገና ረጪውን አይታው አታውቅም።

«በእናንተ የተነሳ እኛ አልጋችንን አደባባይ ልናወርድ?»

«በእኛ የተነሳ ነው በሏቸው። የጠየቃችሁን ሁሉ፣ ከእነ ታም ነው በሉ።»

የዚያን ዓረፍተ ነገር ዋጋ ለመረዳት እድሜዬን ፈጀብኝ። ያን ጊዜ የታየኝ የሴቶቹ ፊት ነው፤ አንድ በአንድ ፈታ፣ ፈታ፣ ፈታ ሲል። አንገትጌዋን የቆለፈችው ሴት እዚያው ቆማ ቁልፏን ፈታች።

የርጭቱ ቀን በዓል ይመስል ነበር። ሁሉም አልጋውን፣ ሳንቃውን፣ ምንጣፉን ደረጃ ለደረጃ እያወረደ መንገዱ ዳር ደረደረ። ሴቶቹ ከላይ ሆነው መንገደኛ እስኪሰማ ይጯጯሃሉ፤ «ምን እናድርግ፣ ከእነ ታም ነው!» «እኛማ ምን አለብን፣ ከጎረቤት ነው!» ወንዶቹ የአልጋውን እግር አስፋልት ላይ ሲቀጠቅጡ ትኋኑ እንደ ጎመን ዘር ይረግፋል፤ ልጆች በጫማቸው ይጨፈልቁታል፣ ደም ያሳያሉ። ረጪው ታንክ በጀርባው አዝሎ ገባ። አፉ ላይ ጭንብል፣ እጁ ላይ የሚፏጭ ቱቦ። እናቴ አንድም ክፍል ሳይዘለል መረጨቱን በር በበሩ ስትከተል አየኋት። በስንጥቁ ሁሉ ነጭ ዲዲቲ ነፋበት። ያ ነጭ ዱቄት ራሱ ደግ ነገር እንዳልነበረ በኋላ ተነገረን፤ ያኔ ግን ከዚያ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

የእትዬ ቢክዩም ሣጥን ቀይ ጨርቅ ለብሶ ወረደ። የሻይ ቤቷ አማት መንገዱን ተሻግረው መጡ። አሁን ይነቁባታል አልኩ። እሳቸው ግን ሙሽራቸውን በክንዷ ይዘው፣

«እኔን ልጄ! ከእንዲህ ያለ ጎረቤት ጋር ስትኖሪ ከረምሽ? ነይ፣ ሻይ ጠጪ» አሏት። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። እናቴ ሺንግን አቅፋ ነፋስ ዱቄቱን ወደማያመጣበት ጥግ ሄዳ ቆመች።

የእኛ ፍራሽ ተቃጠለ። የሌላው ተመልሶ ወጣ፤ የእኛ ግን «ምንጩ ነው» ተብሎ ላምባ ተርከፍክፎበት እዚያው ተቃጠለ። ልጆቹ ዙሪያውን እየዘለሉ «ትኋን ታም! ትኋን ታም!» አሉ፤ ያ ዘፈን ከእነሱ ጋር ትምህርት ቤት ገባ። በክፍሌ ያለች አንዲት ልጅ መቀመጫዬን በእርሳስ እየፈተሸች፣ «ሳልፈትሽ አልቀመጥም፣ እናቴ ነግራኛለች» ስትል መምህሯ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቃቸውን በእጃቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ እሱ ነው የባሰብኝ። አንድ ጧት ደብተሬን ይዤ ወጥቼ ዊግ ፋብሪካ በር ላይ ቆምኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው አልኳቸው፤ አላመኑኝም፤ ግን ክር የምትለቅም ልጅ ይፈልጉ ነበር።

እትዬ ቢክዩ አገባች። ለሁሉም ጎረቤት የሙሽራ ኬክ አዳረሰች፤ ለእኛ ትልቁን ሣጥን። ልትሳለቅብን መስሎኝ አልቀመስኩም። አልጋዋ ላይ የተንከባለለው ሌላ ልጅ ነው። የሻይ ቤቷ አማት የትኋን ልጅ ወደ ሙሽራ አልጋ አይቀርብም አሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያየሁት በልጅነት ዓይኔ ነው። እናቴ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ቶ ክዋ ዋን በሚባል ሰፈር፣ እንደ ድሮው ያረጀ ሕንፃ ውስጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያም ትኋን ገባና ረጪዎች መጡ። አንዱ ወጣት በር በበሩ እየዞረ፣ «እባካችሁ በየራሳችሁ ምንም አትርጩ፤ የሚሸሹት ወደ ጎረቤት ነው» ይላል። ከላይ ያለችው ሴት «እኔ ጋ የለም» ብላ በሯን ዘጋችበት። ተናደድኩ። የቆየ ነገሬ ተቀሰቀሰ፤ እናቴን፣

«አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ከእኛ ነው ትዪላት ነበር!» አልኳት።

ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ «ነጭ ሽንኩርቱ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ። ጠርሙሱን፣ የዩን ሎንጉን ወንድም፣ የሺንግን መዳፍ፣ የቀርከሃውን አልጋ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ስትጨርስ ሻይዋ በርዶ ነበር።

«ለምን ራሷ አትልም ነበር? ለምን አንቺ?»

«እሷ ብትል ሠርጓ ይቀር ነበር። ማንም ባይል ደግሞ ሁሉም ጠርሙሱን እንደደበቀ ይቀር ነበር። ልጄ ሳንቃ ያኝካል፣ ፎንግ።»

«እኔስ? እኔ ልጅሽ አልነበርኩም?»

የበረደውን ሻይዋን ገፋ አደረገች። «አንቺን ስም ነካሽ» አለች። «እሱን ግን ልንቀብረው ነበር።» ከዚያ እጄን ያዘች። «ነበርሽ እንጂ። ለዚህ ነው ዓይንሽን የማላየው።»

እውነት ነው፤ ስታናግረኝ ሁልጊዜ እጄን ነበር የምታየው። ሳትወደኝ መስሎኝ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ቃል ሰጥቻታለሁ» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሞተች።

ከመቃጠሏ በፊት በተደረገላት ሽኝት ላይ የድሮ ጎረቤቶች መጡ። ክፋት የላቸውም፤ ወደዋታል። «ትኋን ታም ደግ ነበረች» ይላሉ፤ «ያን የርጭት ቀን ታስታውሳላችሁ?» ብለው እየተነካኩ ይስቃሉ። እናቴ እዚያው ተኝታ። እትዬ ቢክዩ ከኋላ ረድፍ በትሯን ይዛ ተቀምጣለች፤ ስትስቅ አላየኋትም፣ ስትናገርም አላየኋትም። እትዬ ቢክዩ ራሷ እውነቱን እንድታወጣ ላደርግ በዚያ ቀን ቆረጥኩ።

ሺንግ አሁን የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በሽታውን አያስታውሰውም። ሁሉንም በስልክ ነገርኩት።

«ተያት በቃ፣ እቴ። አሮጊት ናት።»

«እኔስ ልጃገረድ ነኝ?»

«እማ ቃል ሰጥቻለሁ ብላለች እኮ።»

«እሷ ናት የሰጠችው። እኔ አልሰጠሁም።»

ደወልኩላት። «እትዬ ቢክዩ፣ ፎንግ ነኝ፤ የእህት ታም ልጅ።»

 ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ይህን ስልክ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» አለች።

«እናቴ ዘንድ አብረውኝ ይሄዳሉ።»

«እሄዳለሁ።»

«እዚያ የሚናገሩት ነገር አለ።»

«እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። የምናገረውንማ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ።»

የሙታን መጎብኛ ሰሞን ስለነበር ኮረብታው በሰው ተሞልቶ ነበር። የእናቴ አመድ ያለው የሙታን አመድ በሚቀመጥበት ግድግዳ መካከል፣ ፎቶዋ ከተለጠፈበት ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ከበላዩም ከበታቹም ቤተሰብ ሁሉ ብርቱካንና አበባ ይዞ ይጋፋል። እትዬ ቢክዩን የመጀመሪያ ልጇ ደግፎ አመጣት። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ለምን እንደመጣን አያውቅም።

«እናንተ ተጨዋወቱ፣ እኔ ታች ልጠብቃችሁ» አለ።

እኔ እሺ ልለው ነበር። እኔ የፈለግኩት ለእናቴ እንድትነግራት እንጂ ልጇ ፊት እንድትዋረድ አልነበረም። እትዬ ቢክዩ ግን እጅጌውን ያዘችው።

«ቁም። አንተም ስማ።»

በትሯን ለእሱ ሰጠችው። የእናቴን ፎቶ በጣቷ ነካችው። ጆሮዋ ደክሟል፤ የራሷን ድምፅ አትሰማውም። የጮኸችው ግን ለዚያ ብቻ አይመስለኝም።

«እህት ታም! ቢክዩ ነኝ! ትኋኑ ከእኔ ነበር! ከእኔ አልጋ ነው የመጣው፤ መርዙም የእኔ ነው! ልጅሽን ልገድልብሽ ነበር! አንቺ ስሜን ሸፈንሽልኝ፤ እኔ በቀይ ብርድ ልብሴ ተኝቼ አምስት ወለድኩ! ሰዎች ትኋን ታም ሲሉሽ፣ እህት ታም፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ!»

ብርቱካን የሚደረድሩት ዞሩ። አንዲት ሴት ሕፃኗን አቅፋ አፏን ከፍታ ቀረች። የእትዬ ቢክዩ ልጅ ፊቱ ቀላ።

«እማዬ፣ በዝግታ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ሰው እየሰማ ነው!»

«ይስማ!» አለችና ወደ እናቴ ፎቶ ዞራ፣ ያላዳረሰች ይመስል፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።

እናቴ ብትሆን ታስቆማት ነበር። ትከሻዋን ይዛ «በቃሽ፣ ሰው ያይሻል» ትላት ነበር፤ አውቃታለሁ። እኔ አላስቆምኳትም። በትሯ ልጇ እጅ ነበርና ክርኗን ደግፌ ያዝኳት፤ እስክትጨርስ ድረስ።